ያልወጣ ውሃ የሚቆጥረው ሳጥን፦ ፐልስ በዳታ ሎገር ስንቆጥር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ግቢ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ አለ። ቧንቧው ላይ ፐልስ የሚሰጥ የውሃ ቆጣሪ ገጠምንና ከዳታ ሎገር (ንባብን ከነሰዓቱ እየመዘገበ ከሚያስቀምጥ ሳጥን) ጋር አገናኘነው። በሳምንቱ ፋይሉን ስከፍት ሎገሩ የመዘገበው ውሃ ቆጣሪው ላይ ከሚነበበው በብዙ ይበልጣል። ፓምፑን የሚጠብቁት አባት ሁለቱን ቁጥር አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ሳጥን ያልወጣ ውሃ ይቆጥራል እንዴ?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ይቆጥር ነበር።

ሎገር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቮልቴጁ ወርዶ ወጣ ወይስ አልወጣም። ያ አንድ መውረድና መውጣት ነው ፐልስ የምንለው። ቆጣሪው በየ10 ሊትሩ አንድ ፐልስ ከላከ ሎገሩ «አንድ» ይላል። ዝናብ መለኪያው ውስጥ ያለው ትንሽ ባልዲ በየ0.2 ሚሊሜትሩ ሲደፋም «አንድ» ይላል። በሽቦው የመጣ ሌላ ነገር ካለ ያንንም ይቆጥራል።

በእኛ ፓምፕ የመጣው የሞተሩ ረብሻ ነበር። የሴንሰሩን፣ ማለትም የውሃ ቆጣሪውን፣ ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ አሳልፈነው ነበር። ሥራው ይፈጥናል፣ ግድግዳውም አይበላሽም። ግን ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳና የሚያቆም ማብሪያ) በዘጋና በከፈተ ቁጥር ቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይዘላል። ያወቅነው ሰዓቱን አይተን ነው፤ ትርፉ ፐልስ ሁሉ የተከማቸው ፓምፑ በሚነሳባቸው ደቂቃዎች ላይ ነበር። ስለዚህ የሴንሰር ሽቦ ለብቻው ይሂድ። የተጠማዘዘና ሽፋን ያለው ኬብል ይሁን፤ ሽፋኑም ከግራውንድ ጋር የሚገናኘው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው። የግድ የሞተር ኬብል መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ ይሻገር እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ።

ሁለተኛው ስህተት ከሁሉም በላይ የሚያሳስት ነው። ብዙ ዝናብ መለኪያና የውሃ ቆጣሪ ውስጥ ሪድ ስዊች አለ። ማግኔት ሲያልፍበት ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ይገናኛሉ። ኳስ መሬት ስትነካ ደጋግማ እንደምትነጥረው፣ ብረቶቹም ከመርጋታቸው በፊት ይነጥራሉ። ጊዜው በጣም አጭር ነው፤ ፈጣን ሎገር ግን አንዱን ንክኪ ሁለት ወይም ሦስት አድርጎ ይቆጥረዋል። መድኃኒቱ ዲባውንስ ነው፦ አንድ ፐልስ ከመጣ በኋላ ለተወሰነ ሚሊሰከንድ የሚመጣውን እንዳይቆጥር ማዘዝ።

እዚህ ላይ ግን ሰው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። «100 ሚሊሰከንድ አድርጌ ተገላገልኩ» ብሎ ያንኑ ለሁሉም ሴንሰር ይሰጣል። ለዝናብ መለኪያ ችግር የለውም። ደሴ በነሐሴ በሰዓት 120 ሚሊሜትር በሚደርስ ፍጥነት ቢወርድባት እንኳ፣ 0.2 ሚሊሜትር የሚለካው ባልዲ የሚደፋው በየ6 ሰከንዱ ነው። በሰከንድ 200 ፐልስ የሚልክ የፍሰት መለኪያ ግን በየ5 ሚሊሰከንዱ ይልካል። በ100 ሚሊሰከንድ ማጣሪያ ቢበዛ በሰከንድ 10 ብቻ ያልፋል፤ የቀረው ይጠፋል። መጀመሪያ የሴንሰራችሁን ትልቁን ፍጥነት አስሉ፣ ከዚያ ማጣሪያውን ምረጡ።

ሌላው፣ ሴንሰሩን ፐልስ ከሚቆጥረው የሎገሩ መግቢያ ይልቅ ተራ መግቢያ ላይ መሰካት ነው። ተራ መግቢያ በየ5 ደቂቃው ነቅቶ «አሁን ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» ብቻ ይላል። የዝናብ መለኪያ ስዊች የሚዘጋው ለሰከንድ ሽራፊ ነው። ሎገሩ ሲነቃ ባልዲው ደፍቶ ጨርሷል። ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ፋይሉ ዜሮ ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የሴንሰሩን ዓይነት አለመለየትም አለ። ሪድ ስዊች ፕላስና ማይነስ የለውም፤ እንዳሻችሁ ግጠሙት። ኦፕን ኮሌክተር መውጫ (በብረት ንክኪ ፋንታ በትራንዚስተር የሚዘጋ) ግን አቅጣጫ አለው፤ ፑል አፕ ሬዚስተርም፣ ማለትም መስመሩን ወደ ፕላስ ስቦ የሚያቆይ ሬዚስተር፣ ይፈልጋል። ሎገሩ በውስጡ ከሌለው 10 ኪሎ ኦም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሬዚስተሩ ከሌለ መግቢያው ይንሳፈፋል፤ እጃችሁን ስታስጠጉ እንኳ ሊቆጥር ይችላል። 24 ቮልት የሚያወጣ የፋብሪካ ሴንሰር ደግሞ 3.3 ወይም 5 ቮልት ብቻ የሚችል መግቢያ ላይ በቀጥታ አይሰካም። ያቃጥለዋል።

ማባዣው ላይም፣ ማለትም አንድ ፐልስ ስንት እንደሆነ ለሎገሩ በምትነግሩት ቁጥር ላይም፣ ተጠንቀቁ። ቆጣሪው በየ100 ሊትሩ ፐልስ እየላከ 10 ብላችሁ ከጻፋችሁ ውሃው አንድ አሥረኛ ይሆናል። የመብራት ቆጣሪ ላይ 1000 ፐልስ በኪሎዋት ሰዓት ከተባለ አንዱ ፐልስ 1 ዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪው 200/5 በሆነ ከረንት ትራንስፎርመር (200 አምፔሩን ወደ 5 አሳንሶ ለቆጣሪው በሚሰጥ) የሚሠራ ከሆነና ማባዣው ውስጡ ካልገባ፣ በ40 ማባዛት አለባችሁ። ፋብሪካ ውስጥ ይሄ የሚረሳው ሥራው የተቻኮለ ቀን ነው።

የሎገሩ መቁጠሪያ ጣሪያም ይታይ። 16 ቢት መቁጠሪያ 65,535 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በኪሎዋት ሰዓት 1000 ፐልስ በሚልክ የመብራት ቆጣሪ 20 ኪሎዋት የሚጠቀም ፋብሪካ በሰዓት 20,000 ፐልስ ይልካል፤ ስለዚህ ከ3 ሰዓት ትንሽ በላይ ቢቆይ ይሞላል። ቀን አንዴ ብቻ የሚያነብ ሰው ስንት ጊዜ እንደዞረ ማወቂያ የለውም።

የሰዓቱ ጉዳይ የኛው የራሳችን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሎገሩን 2:00 ብሎ መሙላት። ሎገሩ 8:00 ነው የሚፈልገው። በ6 ሰዓት ወደኋላ ሲቀር፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የወረደው ዝናብ በትናንቱ ቀን ይመዘገባል። ድምሩ ልክ ስለሆነ ማንም አይነቃበትም። ጎረቤት ጣቢያ ላይ በእጅ ከተለካው ጋር ስታስተያዩ ግን ቀኖቹ አይገጥሙም። የኢትዮጵያን ቀን ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ ሎገሩ ጳጉሜን አያውቃትም።

በመጨረሻ፣ ሳይፈትሹ ትቶ መሄድ። የዝናብ መለኪያው አፍ 200 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ 0.2 ሚሊሜትር ማለት 4 ሚሊሊትር ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ በቀስታ አንጠባጥቡበት፤ ወደ 125 ጊዜ መድፋት አለበት። ቸኩላችሁ ብታፈሱት ያንሳል፤ ባልዲው እየተገለበጠ ሳለ የሚገባው ውሃ ሳይለካ ያልፋልና። በኃይለኛ ዝናብም የሚሆነው ይኸው ነው። መለኪያው ያዘመመ ወይም ማጥለያው በአቧራና በቅጠል የተደፈነ ከሆነ ከሽቦው በፊት እሱን አስተካክሉ። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ሰኔ መባቻ ላይ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ማየት ጥሩ ነው።

ያንን የፓምፕ ሽቦ አውጥተን በሌላ መስመር ዘረጋነው። አባትም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የቆጣሪውን ንባብ በደብተር ይጽፋሉ። በወሩ ደብተራቸውንና ፋይሉን ጎን ለጎን አስቀመጥን። ልዩነቱ አንድ ፐልስ ነበር፤ 10 ሊትር።