ሌላ ስቴት ያለ ያገለገለ የቅንጦት መኪና ሳያዩ እንዴት ይገዛል?

አዲስ እያለ ከ90 ሺ ዶላር በላይ የተሸጠ የ2015 መርሴዲስ ኤስ 550 ዛሬ በ20 ሺ ዶላር አካባቢ ተለጥፎ ማየት ብርቅ አይደለም። ችግሩ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆናችሁ ስትፈልጉ በምትወዱት ቀለምና በምትፈልጉት ማይል አይገኝም። ዳላስ ወይም ታምፓ ግን አለ። ፎቶው ያብረቀርቃል። ሻጩም በስልክ ሲያወራ አፉ ማር ነው።

ከሩቅ መግዛት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ወረቀቱ ይታያል፣ ቀጥሎ መኪናው በሰው ዓይን ይታያል፣ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። "ለመያዣ ያህል ትንሽ ዲፖዚት ላኩ" የሚባለውም ገንዘብ ነውና ተራውን ይጠብቅ።

1. የመኪናውን ብቻ ሳይሆን የጥገናውን ዋጋ አስሉ

መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ግን አይወርድም። በ20 ሺ የገዛችሁት ኤስ 550 ሲበላሽ የሚጠገነው በ90 ሺ ዶላር መኪና ሂሳብ ነው። ኤርማቲክ የሚባለው የአየር ሰስፔንሽኑ በዕድሜ ይደክማል። አንዱን ጎማ ብቻ የሚሸከመው ክፍል ዲለር ቤት ሲቀየር ከሺ ዶላር በላይ ያስከፍላል።

ስለዚህ ሞዴሉን ከመውደዳችሁ በፊት በሽታውን እወቁ። የቢኤምደብሊው 750 ኤን63 ሞተር፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት፣ ዘይት በመብላት ስሙ የወጣ ነው። ባለ 5.0 ሊትር ቪ8 ሬንጅ ሮቨር በታይሚንግ ቼን ይታማል። የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ካየን ቪ8 ደግሞ የፕላስቲክ የኩላንት ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ። ባለቤቱ በአሉሚኒየም አስቀይሯቸው ከሆነ ደረሰኙን አምጣ በሉት። እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ሌክሰስ ጂኤክስ 460 ነው። አገር ቤት የምናውቀው የፕራዶ ወንድም ነው፤ በደንብ ከተያዘ ብዙ ማይል ይችላል። ነዳጅ ይጠጣል፣ እሱን አልደብቅም።

ምንም ሞዴል ይሁን ከዋጋው 15 በመቶ ያህል ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀምጡ። ያ ገንዘብ ከሌላችሁ መኪናው አቅማችሁ ውስጥ አይደለም።

በነገራችን ላይ "ትንሽ ነድቼው ለአገር ቤት እልከዋለሁ" የሚል ካለ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

2. ቪን ቁጥሩን ተቀበሉና ታሪኩን አንብቡ

ቪን የመኪናው መለያ የሆነ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ሻጩ ለመስጠት ካንገራገረ አትከራከሩት፣ ወደሚቀጥለው መኪና እለፉ። ቁጥሩን በጽሑፍ መቀበል ብቻውን አይበቃም። ከፊት መስታወቱ ስር ያለውን፣ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውንና ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የሰፈረውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው።

ከዚያ በነፃ የሚሠራውን ሥሩ። ኤንኤችቲኤስኤ በሚባለው የፌዴራል የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቪኑን ስታስገቡ ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ለጥገና የጠራበት ጉድለት) ካለ ይነግራችኋል። በተለይ ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሪኮል ቢኤምደብሊውንም መርሴዲስንም ሌክሰስንም የነካ ነው፤ ጥገናውን ዲለር በነፃ ይሠራል። ኤንአይሲቢ የሚባለው የኢንሹራንሶች ድርጅት ድረ ገጽ ደግሞ መኪናው ተሰርቆ ወይም በኢንሹራንስ ሳልቬጅ (ለመጠገን የማያዋጣ) ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ በነፃ ያሳያል።

ቀጥሎ የመኪና ታሪክ ሪፖርት የሚሸጡት ካርፋክስና አውቶቼክ። ከቻላችሁ ሁለቱንም ግዙ፤ አንዱ የያዘውን ሌላው የማይዝበት ጊዜ አለ። "ካርፋክሱ ንጹህ ነው" ሲሏችሁ ግን በዚያ ብቻ አትርኩ። ሪፖርቱ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ከዛፍ ጋር አላትሞት በኪሱ ከፍሎ ያሠራው ጉዳት እዚያ ላይ አይወጣም።

ሪፖርቱን ስታነቡ ቀንና ቦታውን አያይዛችሁ ተከተሉ። ማይሉ በቅደም ተከተል ይጨምራል? ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ያልተመዘገበበት ጊዜ አለ? እስከ ነሐሴ 2017 ሂውስተን የነበረ መኪና ከጥቂት ወራት በኋላ በኦክሽን ተሸጦ ሌላ ስቴት አዲስ ታይትል ካወጣ፣ የሃርቪ ጎርፍ ዋናተኛ ሊሆን ይችላል። መስከረም 2022 ከኢያን ማዕበል በኋላ ከደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ የወጣውንም እንደዚያው ተጠራጠሩ። ታይትሉን ከስቴት ስቴት እያዘዋወሩ "ጎርፍ" የሚለውን ምልክት የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። የቅንጦት መኪና በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ነው። ውሃ የገባበት ሽቦ ዛሬ ሠርቶ ከስድስት ወር በኋላ ያብዳል። ሪቢልት ታይትል (ሳልቬጅ ከተባለ በኋላ ተጠግኖ የተመለሰ) ያለው የቅንጦት መኪናን በተመለከተ የኔ መልስ አጭር ነው፦ ሳያዩ አይገዛም።

3. ታይትሉ በማን ስም ነው?

የታይትሉን የፊትና የጀርባ ፎቶ ጠይቁ። ስሙ ከሻጩ መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት። "የአጎቴ ልጅ ነው፣ ፈርሞልኛል" ካላችሁ፣ መኪናውን በስሙ ሳያዞር የሚነግድ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ሕገ ወጥ ነው። ነገ ችግር ሲነሳ ደግሞ ያ የአጎት ልጅ አይገኝም።

ባንክ ዕዳ ይዞበት ከሆነ ታይትሉ ላይ ሊን ተብሎ ይታያል። ይህ ብቻውን አያስፈራም፤ ብዙ ጨዋ ሻጭ ዕዳውን ገና አልጨረሰም። ከባንኩ የመዝጊያ ሂሳቡን የሚገልጽ ደብዳቤ ይምጣ። ከክፍያችሁም የዕዳውን ያህል በቀጥታ ለባንኩ ስጡ። ለሻጩ ሰጥታችሁ "እዘጋዋለሁ" የሚለውን አትጠብቁ።

4. በቪዲዮ፣ በጠዋት፣ በቀዝቃዛ ሞተር

ተቀርጾ የተላከ ቪዲዮ አይቆጠርም። በቀጥታ ደውሉ። ሰዓቱም ጠዋት፣ መኪናው ካደረበት ሳይነቃነቅ ይሁን። መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ ዙሪያውን ያሳያችሁ። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ካደረ የአየር ሰስፔንሽኑ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳያስነሳ የዳሽቦርዱን መብራቶች ብቻ ያብራ። ቼክ ኢንጂን፣ ኤርባግ፣ ኤቢኤስ ሁሉም በርተው ከተነሳ በኋላ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ያልበራ መብራት ካለ አንድ ሰው ሆን ብሎ አፍኖት ሊሆን ይችላል። የሙቀት መለኪያውንም ተመልከቱ። መርፌው ከታች ካልጀመረ ሻጩ ቀደም ብሎ አሙቆታል፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያሰማውን ድምፅ ከእናንተ ደብቋል ማለት ነው።

አሁን ስልኩን ከጭስ ማውጫው ኋላ መሬት ላይ አቁሞ ያስነሳው። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ትንሽ ቢወጣ ጤና ነው። ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ኩላንት ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል።

የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ይሳበው። ጎርፍ የገባበትን መኪና የሚያጥብ ሰው ወንበሩንና ምንጣፉን አሳምሮ ያጥባል፤ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን የቀበቶ ጫፍ ግን ይረሳል። የጭቃው መስመር እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከወንበሩ ስር ያሉትን ብሎኖችም ይታዩ፤ ደረቅ ቦታ ላይ ያለ ብሎን የሚዝግበት ምክንያት የለውም።

የጎማውን ጎን ያቅርብላችሁ። ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 3419 ካለ በ2019 በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ከሆኑ ባለቤቱ መኪናውን በቁጠባ ይዞታል፤ በጎማ የቆጠበ ሰው በዘይትም ይቆጥባል።

5. የራሳችሁን መካኒክ ላኩ

ይህ ደረጃ አይዘለልም። ሻጩ ባለበት ከተማ በዚያ ማርክ ላይ የሚሠራ ጋራዥ ፈልጉና ከግዢ በፊት የሚደረግ ኢንስፔክሽን እዘዙ። እንደ ከተማውና እንደ መኪናው ከ200 እስከ 400 ዶላር ቢያስከፍላችሁ አይገርምም። ጋራዡን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ሻጩ "የማውቀው ጎበዝ መካኒክ አለ" ካላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ክፍያውንም በቀጥታ ለጋራዡ ፈጽሙ።

ለመካኒኩ ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሩት። መኪናው በሊፍት ተነስቶ ከስር ይታይ፣ ፎቶ ይነሳ። ኦሃዮና ሚሺጋን የኖረ ከሆነ የክረምት ጨው ከስር በልቶት ይሆናል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለው የተቀባ በርና ኮፈን ያወጣል። ኮምፒዩተር ሲሰካ ደግሞ የሞተሩን ብቻ ሳይሆን የካምቢዮውን፣ የሰስፔንሽኑንና የኤርባጉንም ያንብብ። አንድ ነገር አክላችሁ ጠይቁት፦ ኮምፒዩተሩ የራሱን ፍተሻ ጨርሷል ወይ? "አልጨረሰም" ካለ ስህተቶቹ በቅርቡ ተሰርዘዋል፣ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ትናንት ማታ ቼክ ኢንጂን ያጠፋ ሻጭ የሚያዘው እዚህ ጋ ነው።

አንድ የኛ ነገር ልጨምር። ሻጩ ሀበሻ ሲሆን ኢንስፔክሽን መጠየቅ ያሳፍረናል። "ወንድሜ፣ እኔን አታምነኝም?" ሲባል ጉሮሯችን ይደርቃል። መልሱ ቀላል ነው፦ "አንተን አምናለሁ፣ መኪናውን ግን አላውቀውም።" ከልቡ ቅን የሆነ ሰው አይቀየምም።

"ሌላ ሰው ዛሬ ማታ ሊወስደው ነው" ሲሉም አትደንግጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

6. ገንዘቡ

የመካኒኩ ሪፖርት የድርድር ወረቀታችሁ ነው። የፍሬኑን፣ የጎማውን፣ የዘይት ማፍሰሱን ዋጋ ደምሩና ቁጥሩን አቅርቡ። ከዲለር ከሆነ የምትገዙት ታክስና ሁሉንም ክፍያ ያካተተ የመጨረሻ ዋጋ በጽሑፍ ይላክላችሁ፤ የወረቀት ማስፈጸሚያ የሚሉት ክፍያ አንዳንድ ስቴት ውስጥ ብዙ መቶ ዶላር ነው። "ካልተስማማኝ በሦስት ቀን እመልሳለሁ" የሚለው ወሬ ደግሞ ከዲለር ቤት ለተገዛ መኪና በአብዛኛው አይሠራም። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን የገዢ መመሪያ ፎቶ አስልኩ። አዝ ኢዝ (ያለ ዋስትና፣ እንዳለ) የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ከበር ከወጣ በኋላ ጣጣው የእናንተ ነው።

ከግለሰብ ስትገዙ ከሁሉ የሚሻለው በአውሮፕላን ሄዶ ሻጩ ባንክ ውስጥ መገናኘት ነው። ክፍያው ባንኩ ፊት ይፈጸማል፣ ታይትሉም እዚያው ይፈረማል። የቲኬቱ ዋጋ ከአንድ ኢንስፔክሽን ብዙም አይበልጥም፤ መኪናውንም ራሳችሁ ትነዱታላችሁ።

መሄድ ካልቻላችሁ ገንዘቡን ይዞ የሚያቆይ ኤስክሮው አለ። ኤስክሮው ዶት ኮም መኪና ያስተናግዳል። አድራሻውን ግን ራሳችሁ ጻፉት። ሻጩ የላከውን ሊንክ አትጫኑ፤ የውሸት ኤስክሮው ገጽ የዚህ ማጭበርበር ዋና መሣሪያ ነው። ዜልና ዋየር አንዴ ከሄዱ መመለሳቸው ዘበት ነው። በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ሻጭ ሻጭ አይደለም። "ወታደር ነኝ፣ ውጭ ተልኬያለሁ፣ መኪናው መጋዘን ውስጥ ነው" የሚለው ታሪክም ከገበያው ግማሽ ዋጋ ጋር ከመጣ፣ መኪናው የለም።

7. ማምጣት

ከዳላስ ዋሽንግተን አካባቢ 1,300 ማይል ገደማ ነው። በክፍት መኪና ጫኝ ማስጫን በግርድፉ ከሺ ዶላር አካባቢ ይጀምራል፤ የተሸፈነው ይወደዳል። ለአሥር ዓመት መኪና ክፍቱ ይበቃል። የስልክ ዋጋ የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ደላላው ነው እንጂ ሹፌሩ አይደለም። ፈቃዱን ኤፍኤምሲኤስኤ በሚባለው የፌዴራል የጭነት መኪና ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። መኪናው ሲወርድ ሹፌሩ ቢቸኩልም በቀን ብርሃን ዙሩት። ጭረት ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የጭነት ሰነዱ) ላይ ይጻፍ። ከፈረማችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ልትነዱት ከሆነ ኢንሹራንሱን ከመነሳታችሁ በፊት አስጀምሩ። ቴክሳስ ሻጩ ታርጋውን ፈትቶ ይወስዳል። ከግለሰብ የገዛ ሰው ከመነሳቱ በፊት ስለ ጊዜያዊ የጉዞ ፈቃድ የስቴቱን ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ይጠይቅ።

8. ቤት ከደረሰ በኋላ

ታክሱ የሚከፈለው በምታስመዘግቡበት ስቴት ነው። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው፤ ሜሪላንድ ከ6 በመቶ ያልፋል። ሜሪላንድ ያላችሁ ታይትል ከማዞራችሁ በፊት የሜሪላንድን የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ማለፍ አለባችሁ። የዳላሱ መካኒክ ሪፖርት እዚህ አይተካውም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ የሚመጣውን ካር ታክስ ከወዲሁ አስሉት፤ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ነው። ወደ ዲኤምቪ ስትሄዱ የተፈረመውን ታይትል፣ ቢል ኦፍ ሴሉን (የሽያጭ ውሉን) እና የማይል መግለጫውን ያዙ። ሁሉንም ግን ከቤት ሳትወጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው።