ሻይ የገባበት የለንደን ድራይ ጂን እንዴት ይዘጋጃል?

ሻይና ጂን የሚስማሙት በአጋጣሚ አይደለም። በጂን ውስጥ ከጥድ ፍሬ ቀጥሎ ዋናው ቅመም ድንብላል ነው። ለድንብላል አበባ አበባ የሚል መዓዛውን የሚሰጠው ሊናሎል የተባለ ውህድ በሻይ ቅጠል ውስጥም ይገኛል። ኧርል ግሬይ የተባለው ሻይ መዓዛ የሚያገኝበት የቤርጋሞት ዘይትም ይህንኑ ውህድ ይዟል። ስለዚህ ሻይ ጂን ውስጥ ሲገባ እንግዳ አይሆንም፤ ዘመዶቹ ቀድመውት ገብተዋል።

አስቸጋሪው ነገር መዓዛውን ተከትሎ የሚወጣው ታኒን ነው። ያልበሰለ ሙዝ ስንነክስ አፋችንን የሚያኮማትረው ይኸው ነው። ይህ ጽሑፍ ከግማሽ በላይ የሚያወራው ስለ እርሱ ነው፤ ሥራውን የተማርኩት ሙሉ ጠርሙስ ጂን በታኒን አበላሽቼ ነውና።

በቅድሚያ ስለ ስሙ

ለንደን ድራይ ማለት ለንደን ውስጥ የተሠራ ማለት አይደለም፤ የአሠራር ስም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው የአልኮል መጠጦች ደንብ እንደሚለው፣ የለንደን ጂን ጣዕም በሙሉ የሚመጣው ከእርሻ ምርት የተገኘ ንጹህ አልኮል ከተፈጥሮ ቅመሞቹ ጋር እንደገና ሲነጠር ብቻ ነው፤ ማለትም ሲፈላ፣ ሲተንና እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ሲንጠባጠብ። ከዚያ በኋላ ውሃና ንጹህ አልኮል ካልሆነ በቀር ምንም አይጨመርበትም። ስኳሩ በሊትር ከ0.1 ግራም አይበልጥም፤ ቀለም ክልክል ነው፤ ሲታሸግ የአልኮል መጠኑ ከ37.5 በመቶ ማነስ የለበትም።

ከዚህ የምንረዳው ሻዩ ከመነጠሩ በፊት ከሌሎቹ ቅመሞች ጋር ከገባ መጠጡ ለንደን ድራይ እንደሆነ መቆየቱን ነው። በ2008 ለገበያ የቀረበው ቢፊተር 24 የተባለው ጂን የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። የቢፊተር ዋና አንጣሪ የነበሩት ዴዝሞንድ ፔይን ሴንቻ የተባለውን የጃፓን አረንጓዴ ሻይና የቻይና አረንጓዴ ሻይን ከግሬፕፍሩት ልጣጭና ከሌሎቹ ቅመሞች ጋር 24 ሰዓት አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው ከዚያ አነጠሩት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ቀን ሙሉ የተዘፈዘፈ ሻይ አፍ እስኪያደርቅ ድረስ መምረር ነበረበት። ታኒን ግን አይተንም፤ ቀለሙም አይተንም። ሁለቱም ከማንጠሪያው ድስት ግርጌ ይቀራሉ። ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ የሚያልፈው መዓዛው ብቻ ስለሆነ መጠጡ እንደ ውሃ ጠርቶ ይወጣል።

እኛ በቤት ውስጥ የምንሠራው ግን ተነጥሮ ያለቀ ጂን ውስጥ ሻይ መዘፍዘፍ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መጠጡ በደንቡ ቋንቋ ለንደን ድራይ መባሉ ይቀራል፤ ቀለምም ጣዕምም ተጨምሮበታልና። የማንጠሪያው ድስት የሚያስቀርልንን ታኒን እኛ በሰዓትና በምላስ ማስቀረት አለብን። በቤት ውስጥ ለማንጠር አይሞክሩ። በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ የአልኮል እንፋሎትም በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ጂኑና ሻዩ

የጥድ ፍሬው ጎልቶ የሚሰማ ጂን ይምረጡ። አበባና ፍራፍሬ የበዛባቸው ጂኖች ከሻይ ጋር ሲገናኙ ጣዕማቸው ይደበላለቅና የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። የታንከሬይ ቅመሞች አራት ብቻ ናቸው፤ የጥድ ፍሬ፣ ድንብላል፣ የአንጀሊካ ሥርና የሊኮሪስ ሥር። እንደዚህ ያለ ጂን ለሻይ ቦታ ይተዋል። የአልኮል መጠኑ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል፤ በኋላ በረዶ ሲገባበት ጣዕሙ ቶሎ አይሳሳም። በጣም ውድ ጂን ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ሻዩን በተመለከተ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ፤ ያልተፈጨ ሙሉ ቅጠል መሆን አለበት። በከረጢት የሚሸጠው ሻይ አብዛኛውን ጊዜ ስብርባሪና ዱቄት ነው። የደቀቀ ቅጠል ታኒኑን በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ሲጠልም የማጥለያውን ወረቀት ይደፍናል፤ ከጠለለም በኋላ ዱቄቱ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ መለቀቁን ይቀጥላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኧርል ግሬይን እመክራለሁ። የቤርጋሞቱ መዓዛ በብዙ ጂኖች ውስጥ ካለው የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ጋር ይገጥማል፤ ለትንሽ ስሕተትም ይታገሣል። አረንጓዴ ሻይ የለመለመ ሣር ዓይነት መዓዛ ስለሚሰጥ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በአምስት ደቂቃ ልዩነት ይበላሻል። በእንጨት ጭስ የደረቀው ላፕሳንግ ሱሾንግ ጂኑን በሙሉ ስለሚውጠው መጠኑ በግማሽ ይቀነስ።

መመዘንና መዘፍዘፍ

ለ700 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 14 ግራም ቅጠል ይበቃል። የሚጀምሩ ከሆነ ግን ሩቡን ብቻ ይሥሩ፤ 175 ሚሊ ሊትር ጂን በ3.5 ግራም ቅጠል። በማንኪያ አይስፈሩ፤ እንደ ፍሬ የተጠቀለለ ኡሎንግና የተንሰራፋ ነጭ ሻይ አንድ ማንኪያ ሲሞሉ ክብደታቸው በጣም ይለያያል። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ልዩ ዕቃ ይበልጣል።

ቅጠሉን ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያድርጉ፤ ጂኑን ያፍስሱበት፤ አንዴ ነቅነቅ አድርገው ሰዓቱን ይጻፉ። አያሙቁት። ሙቀት የሚያፈጥነው ታኒኑን ነው፤ ስሱ የሆነውን የልጣጭና የአበባ መዓዛ ያበንናል፤ በምድጃ አጠገብ አልኮል ማሞቅም አደጋ ነው።

ቅጠሉ የሚወጣበት ሰዓት

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስሠራ ቅጠሉን ከጂኑ ጋር ዘግቼ አሳደርኩት። ከዚያ በፊት ፍራፍሬ በአልኮል ስዘፈዝፍ አንድ ሳምንት አቆየው ስለነበር ሻይም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቀለሙ እንደ ማር የጠቆረ፣ ዓይን የሚስብ ነበር። ስቀምሰው ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። የጥድ ፍሬው የለም፤ የሎሚው ልጣጭ የለም፤ ቤርጋሞቱም ከምሬቱ ሥር ተቀብሯል። ስኳር ጨመርኩበት፤ የሚጣፍጥና የሚያኮማትር ነገር ሆነ። ለወዳጄ ስጦታ ያሰብኩትን ጠርሙስ ደፋሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ከቅጠሉ የሚወጡት ነገሮች እኩል አይወጡም። ቀለም በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። መዓዛ የሚሰጡት ዘይቶች በአልኮል ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሙ እነርሱም ብዙ አይቆዩም። ታኒን ግን ዘግየት ብሎ ይጀምርና ቅጠሉ እስካለ ድረስ አያቆምም። እንግዲህ መዓዛው ወጥቶ ካበቃ በኋላ የምንጨምረው እያንዳንዱ ደቂቃ የሚጨምርልን ምሬትን ብቻ ነው። ቀለሙ ገና ነጣ ያለ ስለመሰለን መጠበቅ ትልቁ ወጥመድ ነው፤ ቀለም ስለ ጣዕም ምንም አይነግረንም።

መፍትሔው መቅመስ ነው፤ ነገር ግን አቀማመሱ ወግ አለው። ጂኑን እንዳለ ከቀመሱት አልኮሉ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ታኒኑ ይሸሸጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ከዕቃው ይቅዱ፤ በእኩል ውሃ ያቅጥኑት፤ አፍዎ ውስጥ አዙረው ይዋጡት ወይም ይትፉት። ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ ምንም ሳይናገሩ ይጠብቁ። መኮማተር ዘግይቶ የሚመጣ ስሜት ነው፤ መጀመሪያ የላይኛውን ድድ፣ ቀጥሎ የጉንጭን ውስጠኛ ክፍል ይይዛል። ሳይጠብቁ ሁለተኛ ማንኪያ ከወሰዱ የመጀመሪያው በሁለተኛው ላይ ይደረብና ፍርድዎ ይዛባል። ምንም ያልገባበት ጂን በተመሳሳይ መንገድ አቅጥነው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ሁለቱን እያፈራረቁ ሲቀምሱ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥቁር ሻይ ከሆነ በ20ኛው ደቂቃ ጀምረው በየ15 ደቂቃው ይቅመሱ። አረንጓዴ ከሆነ በ10ኛው ጀምረው በየአምስቱ። በእኔ እጅ ኧርል ግሬይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ አረንጓዴ ሻይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይደርሳል። ቅጠሉ፣ ጂኑና የክፍሉ ሙቀት ስለሚለያዩ ግን እነዚህን ቁጥሮች እንደ ሕግ አይያዟቸው።

መድረሱን የማውቅበት ምልክት አንድ ነው። ሲጎነጩት በመጀመሪያ የጥድ ፍሬው ይመጣል፤ ከዋጡት በኋላ ደግሞ ሻዩ ቀስ ብሎ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ ይወጣል። ይህ ቅደም ተከተል እንደተገኘ ያለ ማመንታት ያጥልሉት። ሻዩ ቀድሞ ጥዱ ተከትሎ ከመጣ አምልጦዎታል። ድድዎን ትንሽ እንኳ ከያዘዎ “አንድ አምስት ደቂቃ ልጨምር” የሚለውን ሐሳብ አይቀበሉት።

ማጥለል

መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በቡና ማጥለያ ወረቀት። ወረቀቱን አስቀድመው በውሃ ያርጥቡት፤ የወረቀት ሽታው ይቀንሳል። ቅጠሉን አይጭመቁት። ቅጠሉ የተወሰነ ጂን ይዞ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ መጠጡን ማባከንም ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሲጨመቅ የሚወጣው ምሬት ነው።

ካመለጠዎትስ?

ያኔ ባውቀው ኖሮ ያንን ጠርሙስ ባልደፋሁት ነበር። የወተት ፕሮቲን ታኒንን ይዞ ይጣበቃል፤ ሻይ በወተት የሚለሰልሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። 175 ሚሊ ሊትር ወተት በሰፊ ዕቃ ያድርጉና 700 ሚሊ ሊትሩን ጂን ቀስ እያሉ በወተቱ ላይ ያፍስሱ። ወተቱን በጂኑ ላይ ካፈሰሱት በአንዴ ይቋጠርና ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረው በቀስታ ያማስሉ፤ ወተቱ ይቋጠራል። ካልተቋጠረ ትንሽ ሎሚ ይጨምሩ። ለጥቂት ሰዓታት በማቀዝቀዣ ካቆዩት በኋላ በወረቀት ያጥልሉት፤ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሳ ስለሚሆን መልሰው ያሳልፉት። ምሬቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የጥዱም ጉልበት አብሮ ትንሽ ይለዝባል። ይህን ጂን በማቀዝቀዣ ያስቀምጡት፤ ወተት ለማይስማማው ሰው አይስጡት።

አቀራረብ

ቶኒክ የተባለው ጋዝ ያለው መጠጥ ኩዊኒን ከተባለው መራራ ውህድ የሚያገኘው የራሱ ምሬት ስላለው ከጥቁር ሻይ ጂን ጋር ሲሆን አነስ ይበል፤ እኔ ግማሹን ጋዝ ባለው ውሃ እተካዋለሁ። ለአረንጓዴው ጋዝ ያለው ውሃና ቀጭን የግሬፕፍሩት ልጣጭ ብቻ ይበቃዋል። ኧርል ግሬዩ ከሎሚ ጭማቂ፣ ከጥቂት የስኳር ሽሮፕና ከእንቁላል ነጭ ጋር በበረዶ ተመትቶ ሲቀርብ ይደምቃል፤ እንቁላሉም እንደ ወተቱ የቀረውን ታኒን ይይዝለታል። ሎሚ ሲገባ የጥቁር ሻይ ቀለም ቢፈዝ አይደንግጡ፤ አሲድ ሁልጊዜ ያፈዘዋል። የሻዩ ካፌይንም ወደ ጂኑ ስለሚገባ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ማታ ላይ ይጠንቀቁ።

ጥቁር ሻይ የገባበትን በጨለማ ቦታ ካስቀመጡት መዓዛው ለሁለት ወር ያህል ደህና ይቆያል። አረንጓዴው ወደ ቡናማነት እየተለወጠ ስለሚሄድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል። በጠርሙሱ ላይ የጂኑን ስም፣ የሻዩን ዓይነት፣ ግራሙንና ደቂቃውን ይጻፉበት። አሁን መደርደሪያዬ ላይ ባለው ጠርሙስ የተጻፈው “ኧርል ግሬይ፣ 14 ግራም፣ 75 ደቂቃ፤ በሚቀጥለው 70” ይላል።