ፎርም ላይ ወንድም ሌላ፣ ከዚን ሌላ፦ አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ

የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ ወንድ ሆነ ሴት፣ በእናት በኩል ሆነ በአባት፣ አሜሪካ ውስጥ ሁሉም «ከዚን» ነው። ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። ችግሩ ቃሉ ከአፋችን አለመውጣቱ ነው። አንድ ቤት አብሮን ያደገ የአጎታችን ልጅ ወንድማችን ነው፤ ሌላ ስም ስንሰጠው ያራቅነው ይመስለናል። ስለዚህ «ማይ ብራዘር» እንላለን። ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ስታወሩ እንደዚያ በሉ፣ ማንም አይጎዳም። ፎርም ላይ ግን በፍጹም እንዳታደርጉት።

በኢሚግሬሽን ሕግ ወንድም ወይም እህት ለመባል ቢያንስ አንድ ወላጅ መጋራት ያስፈልጋል። በእንጀራ ወላጅ ወይም በጉዲፈቻ የመጣ ወንድምነትም አለ፣ እሱ ግን የራሱ የዕድሜ ገደብና ማስረጃ አለው። ዜግነት ያገኘና 21 ዓመት የሞላው ሰው አይ-130 በሚባለው ፎርም ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ማመልከት ይችላል። ወረፋው ከ15 ዓመት በላይ ቢሆንም መንገዱ አለ። ለከዚን ግን መንገዱ ጭራሽ የለም።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አገር ቤት ያለው ልጅ ተቸግሯል፣ ዘመድ ይደውላል፣ «ያው ወንድምህ አይደል፣ ሙላለትና ይምጣ» ይባላል። እባካችሁ እንቢ በሉ። ቪዛ ለማግኘት ሲል ዋና ጉዳይ ላይ ሐሰት ተናግሯል የተባለ ሰው ለዘለቄታው እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል፣ ለሞላለትም መዘዙ አይቀርም። ደግሞ ፋይል አይጠፋም። አሳይለም (ጥገኝነት) ስትጠይቁ ፎርሙ የወንድምና የእህቶቻችሁን ስም አንድ በአንድ ይጠይቃል። ያኔ ያልነበረ ወንድም ከዓመታት በኋላ ብቅ ሲል ኢንተርቪው የሚያደርገው ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚጠይቃችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን ብዙ የቆዩ ሰዎች ያስታውሱታል። ስደተኛ ቤተሰብን ለማገናኘት የተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ ናይሮቢ የተጀመረው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፋ፣ ከተባለው ዝምድናም ብዙው ሳይረጋገጥ ቀረ። ፕሮግራሙ ቆመ፤ በ2012 ሲከፈት ወላጅና ልጅ ነን ለሚሉ ምርመራው ግዴታ ሆነ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ስንቱ የሟች ወንድሙን ልጅ አሳድጎ «ልጄ» ያለ ይሆን እያልኩ ሳስብ በጣም ያመኛል። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ «ልጄ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ ጋር ሂዱ። ሕጋዊ ጉዲፈቻ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ መሆን አለበት።

የስማችን ነገርም ያምታታል። ላስት ኔም ላይ የአያት ስም የገባላችሁ ከሆነ፣ ከአባታችሁ ወንድም ልጅ ጋር አንድ ላስት ኔም ይኖራችኋል፤ በእናት ብቻ ከምትገናኙት ወንድማችሁ ጋር ግን አይኖራችሁም። ለፈረንጅ ይሄ ግልብጥብጥ ያለ ነገር ነው። ሳትጠየቁ አስረዱ፣ እናታችሁ የተጻፈችበትን የልደት ሰርተፊኬትም አያይዙ።

«ፈርስት ከዚን» ሲሏችሁ አያት የምትጋሩት ማለታቸው ነው። ቅድመ አያት ከሆነ የምትጋሩት «ሰከንድ ከዚን» ነው። «ዋንስ ሪሙቭድ» ደግሞ የአንድ ትውልድ ልዩነት አለ ማለት ነው፣ ለምሳሌ የእናታችሁ የአጎት ልጅ። እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይሄ አይከብድም።

ሥራ ቦታ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ ነገር አለ። ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ አንድ ዓመት ከሠራችሁና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት ከሞላችሁ፣ የፌደራሉ ሕግ በጠና የታመመ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ ወይም ወላጅ ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣችኋል። ወንድም፣ እህትና ከዚን እዚያ ውስጥ የሉም። አማትም የለችም። ነገር ግን በልጅነታችሁ እንደ ወላጅ ያሳደገቻችሁ አክስት በዚህ ሕግ እንደ ወላጅ ትቆጠራለች! ስለዚህ ኤች አር (የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) ጋ ስትሄዱ «አክስቴ ናት» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ያሳደገችኝ እሷ ናት» በሉ። እውነቱም እሱ ነው። የለቅሶ ፈቃድ ግን በአብዛኛው የድርጅቱ ውሳኔ ነው፣ የሠራተኛ መመሪያውን አንብቡ።

የልጆች ትምህርት ቤት «ልጁን ማን ይውሰደው» ሲል፣ ወይም ድንገት ቢያስፈልግ ለማን እንደሚደወል ሲጠይቅ ከዚን ብላችሁ ጻፉ፤ ምንም ችግር የለውም።

ሆስፒታል ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚህ ያላችሁ ብቸኛ ዘመድ ከዚን ከሆነና እናንተ ራሳችሁን ብትስቱ፣ በብዙ ስቴቶች ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት የትዳር ጓደኛን፣ ልጅን፣ ወላጅን፣ ወንድምና እህትን ነው። ሁሉም አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቢሆኑም። ጤነኛ ሳላችሁ፣ ስለ ሕክምናችሁ ከዚናችሁ እንዲወስን የምትወክሉበትን ፎርም ሙሉ። ክሊኒካችሁን ብትጠይቁ ይሰጧችኋል፤ ጠበቃ አያስፈልገውም። ምስክር ወይም ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ያስፈልግ እንደሆነ ስቴታችሁ ይወስናል። አንዱን ኮፒ ለእሱ ስጡት፣ ሌላውን ሐኪማችሁ ፋይል ውስጥ አስገቡ።