ያገለገለ የጥንት ሠራዊት ሲታደስ፦ የሚኒየቸር ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ከሌላ ሰው እጅ የመጣ የሚኒየቸር፣ ማለትም ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚቀቡ ትንንሽ የወታደር ምስሎች፣ ሣጥን ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ቀለሙ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሁሉንም የቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ዘፍዝፎ ከዜሮ የሚጀምረው። እኔም የመጀመሪያውን የካርቴጅ ሠራዊቴን እንዲሁ አደረግሁት። ከመቶ በላይ ምስል ገፈፍኩ፤ መልሼ የቀባሁት ግን አርባ አይሞላም። የተቀሩት ዛሬም ራቁታቸውን ቆመዋል። «ቀለሙ ተበላሽቷል» ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው የቀለሙ ጥፋት አይደለም፤ የማስቀመጫው፣ የመቆሚያው ወይም የቫርኒሹ ነው። ስለዚህ መግፈፍን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ምስሎቹ ከምን እንደተሠሩ ለዩ። ብረት ከሆኑ፣ ቀለም ያልነካውን የታችኛውን ጎን ነጭ ወረቀት ላይ ፈተግ አድርጉት። ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ በብዛት አለበት። ቋንቋችን ማዕድኑንም መጻፊያውንም «እርሳስ» ማለቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ የሚጽፍ ብረት ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። በደረቁ አትሞርዱት፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈትጉት፤ ውሃ እያስነካችሁ ሥሩ። ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይሁን፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች ከሥራው ቦታ ይራቁ።

ነጭ ዱቄት ወጥቶባቸዋል

ቀለም በደንብ ባልደረሰባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በእግር ሥርና በፈረስ ሆድ ላይ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ይታያል። ሲብስ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል፤ ቀጫጭን ጦሮችም ሲነኩ ይፈረፈራሉ።

ሰው ይህን «የቆርቆሮ በሽታ» ይለዋል። ንጹሕ ቆርቆሮ ከ13.2 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ብዙ ሲቆይ ወደ ግራጫ ዱቄት ሊለወጥ መቻሉ እውነት ነው። የሚኒየቸር ብረት ግን ንጹሕ ቆርቆሮ አይደለም፤ የተቀላቀሉት እርሳስ፣ አንቲሞኒና ቢስሙት ለውጡን ይገቱታል። የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ዝገት ነው። የሚያመጣው የአሴቲክ አሲድ ትነት ሲሆን፣ ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠውም ይኸው አሲድ ነው። ትነቱ የሚወጣው ከራሱ ከማስቀመጫው ነው፦ ከኦክ እንጨት፣ ከተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ (ኤምዲኤፍ፣ ቺፑድ)፣ ከአንዳንድ ማጣበቂያም። አየር በማይዘዋወርበት መሳቢያ ውስጥ ተጠራቅሞ እርሳሱን ይበላል፤ ከዚያ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመርበት ነጭ የእርሳስ ካርቦኔት ይሆናል። በታላቁ አሌክሳንደር ዘመን የኖረው ግሪካዊው ቴዎፍራስቶስ ነጭ ቀለም እርሳስን ከኮምጣጤ ጋር በማስቀመጥ እንደሚሠራ ጽፎ ነበር። በሣጥናችሁ ውስጥ ያለው ፋላንክስም (ረጅም ጦር የያዘው ጥቅጥቅ ያለ ሰልፍ) ያንኑ ቀለም እያመረተላችሁ ነው፣ ባታዝዙትም።

መፍትሄው፦ የተያዙትን ወዲያው ከጤነኞቹ ለዩ። ጓንትና ጭምብል አድርጋችሁ፣ ምስሉን ውሃ ውስጥ እንዳለ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ዱቄቱን እፍ ማለት ክልክል ነው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የታችኛው ጎን ሳይቀር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ቀቡት። በኮምጣጤ ወይም በሎሚ የሚያጥቡ አሉ፤ በሽታውን ያመጣውን አሲድ መልሶ ማስነካት ለእኔ አይዋጥልኝም። የፊቱ ቅርጽ የጠፋው ምስል አይድንም፤ ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ አስከሬን አድርጋችሁ መቆሚያ ላይ ብታስተኙት ይሻላል። ምስሎቹን ወደዚያው ቁም ሣጥን ከመለሳችኋቸው ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የብረት መደርደሪያ ወይም የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ሣጥን ይሁን፤ አየርም ያግኝ።

ጦሮቹ ጎብጠዋል ወይም ተሰብረዋል

ከምስሉ ጋር አብሮ የፈሰሰ ለስላሳ ጦር በተቃና ቁጥር እየደከመ ይሄድና አንድ ቀን ቀንጠስ ይላል። አንድ ጊዜ አቃኑት፤ ዳግመኛ ከጎበጠ ቆርጣችሁ በሽቦ ተኩት። የናስ ሽቦ ለመቁረጥ ይቀላል፣ ግን ይጎብጣል። የብረት ሽቦ አይጎብጥም፣ ግን ጣት ይወጋል፤ ሲቆረጥም ቁራጩ ስለሚፈናጠር መነጽር አድርጉ። እኔ ለረጅም ጦር ብረቱን እመርጣለሁ፤ ጫፉን በሞረድ አደነዝዘዋለሁ።

የእጁን ጭብጥ ለመብሳት መጀመሪያ በመርፌ ነጥብ አድርጉ፤ ከዚያ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ከሽቦው በትንሹ በሚሰፋ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ቁመቱ 28 ሚሊሜትር ለሆነ ምስል 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ደህና ነው። ስለ ርዝመቱ፣ ሳሪሳ የሚባለው የመቄዶንያ ረጅም ጦር ከ5 እስከ 6 ሜትር ይደርስ ነበር። 5.5 ሜትሩን ብንወስድ በ1 ለ56 ልኬት (ለ28 ሚሊሜትር ምስል) 98 ሚሊሜትር ያህል፣ በ1 ለ100 (ለ15 ሚሊሜትር ምስል) ደግሞ 55 ይሆናል። ሳሪሳ የታጠቀ 28 ሚሊሜትር ሠራዊት ሦስት ረድፍ ካሰለፋችሁ በኋላ ግን ሣጥን ውስጥ አልገባ ይላችኋል። ብዙዎቻችን ከእውነተኛው አሳጥረን የምንቆርጠው ለዚህ ነው።

ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ምስል በሱፐር ግሉ ብቻ ሲጣበቅ ጥቂት ጨዋታ ይቆይና ይለቃል። እግሩንም መቆሚያውንም በስታችሁ አጭር የናስ ሽቦ አስገቡበት።

መቆሚያዎቹ አይመጣጠኑም

እዚህ ላይ ጥፋተኛ የለም፤ የቀድሞው ባለቤት የተጫወተው በሌላ የጨዋታ ሕግ ነው። ዋርጌምስ ሪሰርች ግሩፕ የተባለው የብሪታንያ የጨዋታ ሕግ አውጪ ቡድን የመጀመሪያውን የጥንት ዘመን ሕግ ያወጣው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ የወረደው ልማድ ለ25 ሚሊሜትር ምስል 60 ሚሊሜትር፣ ለ15 ሚሊሜትር ምስል ደግሞ 40 ሚሊሜትር የፊት ወርድ ይሰጣል። ስብስባችሁ በዚህ ልክ ከሆነ አትንኩት፤ ዛሬም ብዙ ሕጎች ይቀበሉታል። አንድ አንድ ሆነው በክብ መቆሚያ የቆሙትንም ማግኔት ባለው የጋራ ሰሌዳ ላይ ማሰለፍ ይቻላል።

የግድ መነቀል ካለባቸው ማጣበቂያውን እወቁ። ነጭ የእንጨት ኮላ ውሃ ውስጥ ሲያድር ይለቃል። ሱፐር ግሉ ብርድ ያሰባብረዋል፤ ምስሉን ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆይታችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት ጠቅ ብሎ ይወጣል። ኤፖክሲ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል። ቢላ አስገብቶ መፈልቀቅ የሰው ቁርጭምጭሚትና የራስ ጣት ያስከፍላል፤ ሁለቱንም ከፍዬ አይቻለሁ።

ቫርኒሹ ነጭ ሆኗል፣ ወይም ቢጫ

እንደ ጤዛ ያለ ነጭ ሽፋን ካያችሁ፣ የማያብለጨልጭ ስፕሬይ ቫርኒሽ በእርጥበታማ አየር ተረጭቷል፣ አለዚያም የስፕሬዩ ጣሳ በደንብ አልተናጠም። መግፈፍ አያስፈልግም። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በብሩሽ ቀቡበት፤ ብዙውን ጊዜ ነጩ ይጠፋል። ከደረቀ በኋላ የማያብለጨልጨውን በደረቅ ቀን ደግማችሁ ርጩ፤ በአንድ ምስል ሞክራችሁ ነው ታዲያ።

ቢጫው ከቀድሞ የዘይት ቫርኒሽ እርጅና የመጣ ነው፤ በሳሙና አይለቅም። ቀይና ቡናማ ልብስ ላይ እንዲያውም ያምራል። የሚያስቀይመው ነጭ ቀሚስ ላይ ነው። ከላዩ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ አልፉና የቀሚሱን ከፍ ከፍ ያሉ እጥፋቶች ብቻ በክሬም ቀለም ንኩ። ጥልቁ ቢጫ እንደ ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይላጣል

1 ለ72 ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ መንስኤው ግልጽ ነው፦ ፖሊኢቲሊን ቀለም አይይዝም፣ ይተጣጠፋልም። የላላውን አራግፉ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፤ የሚተጣጠፍ ፕራይመር ወይም በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ አልብሱት። ሱፐር ግሉም ብዙ አይዘውም። የጎበጠ ጦሩ ግን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አቃንቶ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ ቀጥ ይላል።

ብረት ላይ ከተላጠ ሥሩ ፕራይመር የለም ማለት ነው። ጫፍ ጫፉ ብቻ ከሆነ ነካ ነካ አድርጋችሁ ቫርኒሽ ቀቡ።

የሁለት ሰው እጅ ያስታውቃል

ግማሹ በጥንቃቄ፣ ግማሹ በጥድፊያ የተቀባ ሠራዊት የተለመደ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ሜትር ርቀት ሲታይ ዓይን የሚያነበው ፊትን ሳይሆን መሬቱን ነው። የመቆሚያውን ጠርዝ አንድ ቀለም፣ አፈሩንና ሣሩን አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ሁሉንም በአንድ በውሃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም እለፉ። ያኔ ልዩነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቁመታቸው የማይገጥም 25 እና 28 ሚሊሜትር ምስሎችን አንድ መቆሚያ ላይ አታቀላቅሉ፤ አጫጭሮቹን ለብቻቸው አንድ ክፍለ ጦር አድርጓቸው።

አሁንም መግፈፍ ግድ ከሆነ

የፊቱ ቅርጽ በወፍራም ቀለም ተቀብሮ ካልታየ በቀር አትግፈፉ። አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ ጥጥ ስታሹበት ቀለም ከለቀቀ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ነው፤ አልኮሉ ይበቃዋል። ካልለቀቀ ምናልባት አሮጌ ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ነው፤ ብረት ከሆነ አሴቶን ይሞከራል፣ መስኮት ተከፍቶና ከእሳት ርቆ። ጠንካራ ፕላስቲክ አሴቶን ከነካው ይቀልጣል። ዴቶል የምትጠቀሙ ደግሞ መጀመሪያ ያለቀለቃችሁት በውሃ ከሆነ የለቀቀው ቀለም እንደ ሙጫ ይጣበቅባችኋል፤ በራሱ በዴቶል እያሻችሁ ቀለሙን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ውሃና ሳሙና የሚገባው። መጀመሪያ አንድ ምስል ብቻ ዘፍዝፉ፤ እሱን ቀብታችሁ ስትጨርሱ ሁለተኛውን።