ተማሪዎችን ጣና ዳር ለእረፍት ስትወስዱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባሕር ዳር አስተማሪ ነኝ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዤ ጣና ዳር የተወሰነ ጊዜ አድሬያለሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ልጆቹ ከፈተናና ከቤት ሥራ ዞር ብለው ትንሽ ይተንፍሱ ነው። የምናበላሸው እኛው ነን። እኔ ራሴ ካበላሸሁት ልጀምር።

ፕሮግራሙን ማጨቅ

የመጀመሪያውን ጉዞ ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስፖርት። 2 ሰዓት የመክፈቻ ንግግር። 3 ሰዓት ስለ ሱስ ትምህርት። ቀጥሎ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ከዚያ የቡድን ውይይት፣ ከዚያ ደግሞ የየቡድኑ ሪፖርት። ሐይቁ ከአዳራሹ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ደብተሩ ላይ ታንኳ ሲሥል አየሁት። ዞር ቢል እኮ እውነተኛው የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲያልፍ ያይ ነበር።

ያ ሥልጠና እንጂ እረፍት አልነበረም። አሁን በቀን አንድ ትምህርት ብቻ አስገባለሁ፤ ያውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። "ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ሊሠሩ ነው?" የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ይቀመጡ። ኳስ ይጫወቱ። ቢሰለቻቸውም ይሰልቻቸው።

በጠዋት መቀስቀስ

ያ የ12 ሰዓት ስፖርትም ጥፋት ነበር። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። በዚህ ዕድሜ ደግሞ እንቅልፍ የሚመጣው አምሽቶ ነው። ስንፍና አይደለም፣ ሰውነታቸው ነው። ተዋቸው ይተኙ። አጎበር ግን እንዳትረሱ፤ እዚህ ወባ አለ።

ክብ ሠርቶ "ችግራችሁን ተናገሩ" ማለት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ገመናን መሸፈን ተምሮ ያደገን ልጅ ሠላሳ የክፍል ጓደኛው ፊት "ውስጥህን አውጣ" ማለት ምን ይባላል? አንዲት ልጅ ተራዋ ሲደርስ የሹራቧን እጅጌ እየጠቀለለች "እኔ ምንም ችግር የለብኝም ቲቸር" አለች። ጭብጨባ። ቀጣይ።

ማታ ለእራት ሽንኩርት ስንከትፍ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስት ራስ ያህል ዝም ብላ ላጠች። ከዚያ ቀና ሳትል "ቲቸር፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ብወድቅስ?" አለችኝ። ጥር 2015 ይፋ በሆነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወንድሟ ከቀሩት አንዱ ነው። ቤታቸው ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት እንደማይወራ ነገረችኝ። እንባዋን በሽንኩርቱ አሳበበች፣ እኔም አመንኩ።

እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ቡና ይቁሉ፣ ድንች ይላጡ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ዳር ዳሩን ይሂዱ። እናንተ አጠገባቸው ሁኑ እንጂ አትጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አለ። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ አትማሉ። ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ ወይም ቤት ውስጥ የሚጎዳ ልጅ ካጋጠማችሁ ዝም ማለት አትችሉም። ይህን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ለማን እንደምትደውሉም ከመውጣታችሁ በፊት ይታወቅ።

ሐይቁን እንደ መዋኛ ገንዳ ማየት

"እግራቸውን ብቻ ይንከሩ" ሲባል እሰማለሁ። ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ የሚገባው በቆዳ ነው፣ መዋጥ አያስፈልገውም። መድኃኒት አለው፣ ግን ለእረፍት ሄዶ በሽታ ይዞ መመለስ ምን የሚሉት ነው? ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ጀልባ የምትሳፈሩ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ጀልባዋ ትንገላታለች። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ መኖሩን በቁጥር አረጋግጡ፤ "አለ" የሚለውን የባለ ጀልባ ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ።

ገዳሙን ሳያጣሩ መምረጥ

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ይህን የረሳ አንድ ትምህርት ቤት ግማሹን ክፍል ወደብ ላይ አስቀምጦ ግማሹን ይዞ ገባ። ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶችም ክፍት ነው፤ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም እንደዚያው። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ተማሪዎችም አሏችሁ። መግባት የማይፈልግ ልጅ ምክንያቱን ሳይጠየቅ በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ከአንድ አስተማሪ ጋር ይንሸራሸር። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ጫካውን እመርጣለሁ።

ስልክ መሰብሰብ ካለባችሁ ከሳምንት በፊት ለልጁም ለወላጁም ንገሩ፤ በር ላይ መንጠቅ ጠብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከዋለ የጾም ምግብ ይኑር። ክፍያው ያልቻለ ልጅ ስሙ በሰልፍ ላይ አይጠራ።

ሰኞን መርሳት

ቅዳሜና እሁድን አድረን ተመለስን። ልጆቹ እየዘፈኑ ነው ከአውቶቡስ የወረዱት። ሰኞ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የሒሳብ አስተማሪው ከ20 የሚያዝ ድንገተኛ ፈተና ሰጣቸው። ጉዞ መኖሩን የነገረው ሰው አልነበረም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።