ባል ሲታሰር የቤቱ መብት አብሮ አይታሰር

ደሴ ማረሚያ ቤት አካባቢ ቡና ማፍላት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስንቅ ይዘው የሚመጡ ሴቶች እኔ ጋ አረፍ ብለው ነው ተራ የሚጠብቁት። «እትዬ፣ ሥራውስ ይቀራል? ጡረታውስ? ሴፍቲኔቱን ይሰርዙን ይሆን?» ይሉኛል። እኔም በዚሁ በር አገልግል ያመላለስኩ ሴት ነኝ። የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ባለቤቴ የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ሰው ገጨ። በዚያው ቀን ታሰረ። እኔ ስሮጥ የከረምኩት ዋስ ፍለጋ ነው። ስለ ሥራው ያሰበ ሰው አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። «ልጄ፣ ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቀሻል?» አሉኝ።

«ሰምተዋል እኮ አባባ፣ መኪናው የነሱ ነው» አልኳቸው።

«መስማት ሌላ፣ ደብዳቤ ሌላ። ዛሬውኑ ጻፊ።»

እውነታቸውን ነበር። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንዲህ ይላል። ሠራተኛ ታስሮ እስሩ ከ30 ቀን ካልበለጠ የሥራ ውሉ አይቋረጥም፤ ለጊዜው ታግዶ ይቆያል። ግን አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ መደረግ አለበት፣ ወይም መታሰሩን ያውቃል ተብሎ የሚገመት መሆን አለበት። «ያውቃል ተብሎ ይገመታል» የሚለውን አትመኑት። በኋላ ክርክር የሚነሳው እሱ ላይ ነው።

በደብተር ወረቀት ላይ ነው የጻፍኩት። ስሙን፣ የሥራ መደቡን፣ የታሰረበትን ቀን፣ ያለበትን ጣቢያ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ስለ ጥፋቱ አንድም ቃል አትጻፉ፤ እሱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ሁለት ቅጂ አድርጌ በነጋታው ማለዳ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንዱን ተቀብላ «በቃ፣ ሂጂ» አለችኝ። አልሄድኩም። እኔ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ቀን ጽፋ እንድትፈርም፣ ማህተምም እንድትመታ ለመንኳት። ያቺ ሰማያዊ ማህተም ናት ያዳነችን። በ26ኛው ቀን በዋስ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቦታው በር ላይ ቆመ። አንድ ኃላፊ «አንተ ጠፍተህ ነበር» ሲለው ወረቀቷን አወጣ። ተመለሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በእገዳው ጊዜ በኅብረት ስምምነት ወይም በሌላ ሕግ ካልተፈቀደ በቀር ደሞዝ የለም። ሲፈታ ደግሞ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሪፖርት ማድረግ አለበት። «ሁለት ቀን ይረፍ» አትበሉት። እረፍቱ ሥራውን ሊያስበላው ይችላል።

ከወራት በኋላ ግን ተፈረደበት። ፍርዱ ከ30 ቀን በላይ ነበር። ሠራተኛ በተፈረደበት እስር ምክንያት ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ከቀረ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። አቋረጡት። አለቀስኩ፤ ግን ባዶ እጄን አልተመለስኩም። የሠራበት ደሞዝና ያልወጣው የዓመት ፈቃድ የእሱ ነው። ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃም ጠይቁ። ተከሳሽ ወይም ፍርደኛ መሆን ሰውን የሠራበትን አያስከለክለውም። ያልተከፈለ ደሞዝ የመጠየቂያ ጊዜ 6 ወር ነው። «ይፈታና ራሱ ይጠይቃል» ብላችሁ አታስተኙት።

ጡረታም እንዲሁ ነው። በየወሩ ከደሞዙ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ ድርጅቱ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። እሱ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ቤታችሁ ፈልጉና አስቀምጡ። ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲቀጠር የድሮው አገልግሎት እንዲያያዝለት ያ ቁጥር ያስፈልጋል።

የታሰረው ራሱ ጡረተኛ ከሆነና ገንዘቡ በባንክ የሚገባ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ውክልና ነው። የአንዲት ደንበኛዬ አባት እንዲህ ሆኖባቸው ነበር። ልጅቷ ጠቅላላ ውክልና ይዛ ሄደች፣ ባንኩ መለሳት። ውክልናው ላይ «የጡረታ አበል ለመቀበል» የሚል ቃል በግልጽ ይኑር አሏት። ስለዚህ ከመጀመሪያው አስጽፉት። ፊርማውን እስረኛው ባለበት ለማስፈረም ማመልከቻ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ይገባል። ታሳሪ በቅርብ ዘመዶቹ የመጎብኘት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ ያለ ነውና ስትጠይቁ አትፈሩ።

አሁን ወደ ገጠሯ እህቴ ልምጣ፤ ልቤን የምትበላው እሷ ናት። ከሐይቅ ከተማ ወዲያ የመጣች አንዲት ሴት ልጇን አዝላ እኔ ጋ ተቀመጠች። ልጁ ያቃስታል። «ጤና ጣቢያ አልወሰድሽውም?» አልኳት። «የጤና መድኑ በአባቱ ስም ነው፤ እሱ ከታሰረ ወዲህ አላሳደስኩትም» አለችኝ። ከእጇ ከፍላ ነበር የምታሳክመው፣ ብሩ አለቀ። የሷ ወረዳ ተሁለደሬ እኮ በአማራ ክልል የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሦስት ወረዳዎች አንዱ ነው። መድኑ የሚገባው በቤተሰብ ነው፤ የአባወራው ስም ቢኖርበትም እናትና ልጆች አባል ናቸው። በማሳደሻው ወቅት የልጆቹን ፎቶና የድሮውን ደብተር ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ። መክፈል ካቃታችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ቀበሌው ምንም የሌላቸውን ይመርጣል፣ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። አባወራው መታሰሩ አቅማችሁን እንደቀየረው ከምርጫው በፊት ተናገሩ።

ሴፍቲኔት ላይም መታወቅ ያለበት ይኸው ነው። ከአምባሰል የመጣች አንዲት ሴት ባሏ የማኅበረሰብ ሥራውን ይሠራ ነበር። እሱ ሲታሰር «የሚሠራ የለምና እንሰረዛለን» ብላ ደብቃ ከረመች። ሥራው ቀረ፣ ክፍያውም ቀረ። መደበቅ አልነበረባትም። ሴፍቲኔት ሁለት መንገድ አለው። መሥራት የሚችል ያለው ቤት ሠርቶ ይቀበላል። መሥራት የሚችል የሌለው ቤት ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርም ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ይህቺ ሴት ሆዷ ገፍቶ ነበር! ከማረሚያ ቤት «ታስሮ ይገኛል» የሚል ማስረጃ አጽፋ፣ ከጤና ጣቢያ የእርግዝናዋን ወረቀት ይዛ ቀበሌ ገባች። አልሆነም ካሏችሁ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቡ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ነፋስ ይወስደዋል።

ስንቅ ለማመላለስ የምትይዙት ዘንቢል ውስጥ አንድ ፌስታል አድርጉ። ማህተም ያለባቸው ቅጂዎች፣ የጡረታ ቁጥሩ፣ የመድን ደብተሩ፣ የሴፍቲኔት ካርዱ እዚያ ይሁኑ። ዝናብ እንዳይነካቸው አፉን ቋጥሩት። አብሽሩ። የሚፈታ ቀን በሩ ላይ ስትጠብቁት የመፈቻ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበሉና እዚያው ፌስታል ውስጥ ክተቱት፤ በነጋታው ለመሥሪያ ቤቱም ለቀበሌውም የምታሳዩት እሱን ነው።