አሜጃን በጀሪካን ማሳደግ፣ ለአራት ኪሎ በረንዳ

ዝናብ እንዳባራ እንጦጦ የወጣ ሰው አሜጃ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ገና ሳያየው በጠረኑ ያውቀዋል። ቅመም ቅመም ይላል፤ እኔን አልጫ ወጥ ነው የሚሸተኝ። አበባው ደማቅ ቢጫ፣ ቅጠሉ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ነው። ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ አንድ አለኝ። ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያውን በውሃ ገደልኩት።

ከጫካ ነቅላችሁ አታምጡ። ነውርነቱ ይቅርና ያደገ ተክል ሥሩ ተቆራርጦ መጽደቁ ይከብዳል። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ቅርንጫፍ ለምኑ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ቀነስ ሲል፣ ዘንድሮ ከበቀለውና ጠንከር ማለት ከጀመረው ቅርንጫፍ፣ አበባ ያልያዘውን ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉት። አሸዋና ብስባሽ እኩል ቀላቅላችሁ ትከሉት፣ አጠጡት፣ ከዚያ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ክዳኑን ከፍታችሁ ድፉበት። ብርሃን ያለበት፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ሁለት ወር ገደማ ታገሡ። ሥር አወጣ ወይ እያሉ መንቀል የለም! ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ አፈሩ። የአዲስ አበባ ዋልካ ውሃ ይዞ አይለቅም፣ አሜጃ ደግሞ ተዳፋት ላይ ውሃ እየወረደለት የለመደ የደጋ ተክል ነው፣ ስለዚህ ዋልካ ብቻ ከሞላችሁለት ሐምሌን አይሻገርም። ቀይ አፈር፣ አሸዋና የቆየ ፍግ ቀላቅሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፉን ቁረጡና ቂጡን አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። እኔ ያኔ ጠጠር ከታች በሥርዓት ደርድሬ መብሳቱን ረሳሁት፤ ጠጠሩ ምንም አላዳነውም።

ብርዱ አያሳስባችሁ። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የታኅሣሥን ውርጭ እዚያው ለምዶታል። የሚጎዳው የበጋ ፀሐይ ነው፣ በተለይ ከፎቅ ግድግዳና ከመስታወት እየነጠረ ሲመጣ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ ካልሆነ ተዉት። ክረምት ላይ ጣሪያ ሥር አስጠጉት።

ተራራ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ጀሪካን ውስጥ ግን ያን ያህል አይደርስም። አበባው ሲረግፍ ጫፍ ጫፉን ከርክሙት። የተቆረጠውንም አትጣሉት፣ ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም።